የምሕረትን ሻንጣ ይዤ ወደ ቢታ ገነት

ከተመለስኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። የጫማዬ ስፌት ውስጥ የገባው ጭቃ ገና አልለቀቀም። የሳሪስ ጎረቤቶቼ "የዓመት ፈቃድሽን ካፋ ድረስ ሄደሽ ምን ሠራሽበት?" ሲሉኝ "ሻንጣ አደረስኩበት" እላለሁ። ይስቃሉ፤ የምቀልድ ይመስላቸዋል። ያንን መንገድ መቼም ለማይሄዱት ለእነሱና ለመሰሎቻቸው የሆነውን ቀን በቀን አስቀምጬዋለሁ።

ሰናይት እባላለሁ። ኤርፖርት ውስጥ የመንገደኞችን ሻንጣ በሚያስተናግድ አንድ ድርጅት፣ የጠፉ ሻንጣዎች ክፍል ውስጥ ስሠራ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ሻንጣው የቀረበት ሰው እኔ ጋ ይመጣል፤ ይቆጣል፣ ያለቅሳል፣ ፎርም ይሞላል። ሻንጣው ሲገኝ ደውዬ "መጥተው ይውሰዱ" እላለሁ። ሻንጣው አዲስ አበባ መጋዘን ከገባ ኮምፒውተራችን ላይ "ደርሷል" ተብሎ ይዘጋል። ባለቤቱ ከዚያ ወዲያ የሁለት ቀን መንገድ ቢቀረው ያ የእኛ ጉዳይ አይደለም። ይህ ነገር ልክ ነው ብዬ አምኜበት አላውቅም፤ ቁጭ ብዬም አስቤበት አላውቅም ነበር።

እንዳስብበት ያደረገችኝ ምሕረት አደሎ ናት። ከቢታ ገነት አካባቢ የሄደች ልጅ ናት፤ አረብ አገር ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ከስምንት ወር በፊት ተመለሰች። እሷ ስትደርስ ሻንጣዋ አውሮፕላን በቀየረችበት ከተማ ቀረ። ጥቂት ቀን ጠብቃ፣ አንዲት የእጅ ቦርሳ ብቻ ይዛ አገሯ ገባች። ሻንጣው በሦስተኛው ሳምንት መጣና ደወልንላት። ግን የሻንጣው መለያ ወረቀት ላይ ያለው ስም "ሰሚራ" ነው፤ ደላላው ፓስፖርቱን ያወጣላት በዚያ ስም ነበር። መታወቂያዋ ደግሞ "ምሕረት" ይላል። ውክልና ላከች፤ ስሙ አይገጥምም ተብሎ ተመለሰ። ራሷ እንዳትመጣ፣ አረብ አገር ሳለች ከደረጃ ወድቃ የተጎዳ ወገቧ የሁለት ቀን መንገድ አይችልም። ስትደውል ስለ ዕቃው ብዙ አታወራም። "እትዬ ሰናይት፣ ሻንጣ አለኝ ስል ሰው አያምነኝም፤ ስድስት ዓመት ኖራ ባዶ እጇን መጣች፣ አሁን ደግሞ ትዋሻለች ይሉኛል" ነበር የምትለው።

ሻንጣው የሚወገዱ ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ሲገባ መቀመጥ አቃተኝ። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀበሌዋ አስላክኩ፤ ጉምሩክ ፊት ተፈትሾ እንዲለቀቅ ስለምን ከረምኩ። በመጨረሻ አለቃዬ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገና "ፈርመሽ ውሰጂ። ከጠፋ ግን የጠፋሽው አንቺ ነሽ" አለኝ። ፈረምኩ።

ሰኞ

እስከ ጅማ በአውሮፕላን ሄድኩ። ሻንጣው ሰማያዊ ነው፤ ትልቅ፣ አንድ ጎማው የተሰበረ፣ ወገቡ ላይ በቢጫ ገመድ የታሰረ። የመለያ ወረቀቱን እጀታው ላይ ሲለጥፉ ሁለት ጊዜ አጎንብሼ አነበብኩት። የምትለጥፈው ልጅ "እህቴ፣ ችግር አለ?" ስትለኝ "የለም" አልኳት፤ ሦስተኛ ጊዜ ለማየት ግን አፈርኩ።

አውሮፕላኑ ውስጥ ገብቼም ዓይኔ ከመስኮቱ አልተነቀለም። ጫኞቹ ጋሪውን ሲያራግፉ ሰማያዊ ነገር ያየሁ መሰለኝ፤ ቆይቶ ደግሞ ያላየሁ መሰለኝ። ጅማ ስንደርስ ሻንጣ መረከቢያው ጋ ቆምኩ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ ሥራ ስኖር እንደ መንገደኛ ቆሜ ሻንጣ ጠብቄ አላውቅም። የሰው ሻንጣ እየወጣ የራስ ሳይወጣ ሲቀር ምን እንደሚመስል ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ከመጨረሻዎቹ አንዱ ሆኖ ወጣ። ዘልዬ ስይዘው አንድ ሽማግሌ እግር ረገጥኩ።

ከጅማ ሚኒባስ ያዝኩ። ጎጀብ ወንዝ ድረስ መንገዱ ይወርዳል፤ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ሰው ሹራቡን ያወልቃል። ወንዙን ተሻግረን ሽቅብ ስንጀምር ደግሞ ሁሉም መልሶ ለበሰ። ከዚያ ወዲያ ያለው አረንጓዴ ሳሪስ ላደገ ዓይን ይከብዳል። እኛ ሰፈር አንድ ዛፍ ካለ ስም አለው፤ እዚህ ዛፉ በዛፍ ላይ በቅሎ፣ ግንዱ ራሱ ቅጠል ለብሶ፣ የቱ የማን እንደሆነ አይለይም። እኔ ግን ብዙ አላየሁም። ሹፌሩ በቆመ ቁጥር ወርጄ ጣሪያው ላይ ያለውን ሻንጣ አያለሁ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት "ልጅ ነው እንዴ ያለው?" አለችኝ።

ቦንጋ የገባነው በዝናብ ነው። ከተማው ኮረብታ ላይ ስለተቀመጠ አንዱ መንገድ ሲወርድ ሌላው ይወጣል። ባጃጅ ያዝኩ፤ ዳገቱ መሃል ላይ ሻንጣው ከኋላ ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ ወደቀ። ባለባጃጁና እኔ ጎትተን ስናወጣው ሁለታችንም ቡናማ ሆንን። ያረፍኩበት ፔንሲዮን ባለቤት እትዬ አስካለች ይባላሉ፤ ሰፊ ሴትዮ ናቸው፣ ድምፃቸው ከግቢው በር ይሰማል። እኔን ሰላም ሳይሉ ሻንጣውን አዩ፤ ባልዲና ጨርቅ አምጥተው በረንዳው ላይ አጠቡት።

"የራስሽ አይደለም አይደል?" አሉኝ።

"በምን አወቁ?"

"በራሱ ዕቃ እንዲህ የሚደነግጥ ሰው የለም።"

ማክሰኞ

በጧት ተነስቼ መናኸሪያ ወረድኩ። ከውሽውሽ ወዲያ አንድ የጭነት መኪና ተንሸራቶ መንገዱን ዘግቷል፣ ዛሬ ወደ ዋጫም ወደ ቢታም መኪና አይሄድም ተባልኩ። ወደ ፔንሲዮኑ ተመለስኩ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ እንደገና ወረድኩ። እስከ ቀትር አራት ጊዜ ተመላለስኩ። ሰዎች ፏፏቴውን እዪ፣ ሙዚየሙን እዪ አሉኝ፤ አንዱንም አላየሁም። ምሕረት ደውላ "የት ደረስሽ?" ባለችኝ ቁጥር "ቦንጋ" ማለት አስጠላኝ።

መናኸሪያው ውስጥ ግን ሥራዬን የሚመለከት ነገር አየሁ። ጌታቸው የሚባል የዋጫ ሚኒባስ ረዳት አለ፤ ሃምሳ ዓመት የተጠጋው፣ ጆሮው ላይ እስክሪብቶ የሰካ ሰው ነው። መኪናው ባይሄድም ሰው ዕቃ ያመጣለታል። አንዲት መምህርት ዋጫ ላለች እናቷ መነፅር በካርቶን አድርጋ ሰጠችው። ካርቶኑ ላይ የእናትየውን ስምና ስልክ በማርከር ጻፈ፤ የራሱን ስልክና የመኪናውን ታርጋ ለመምህርቷ ነገራት፤ በቃ።

"ደረሰኝ አትሰጥም?" አልኩት።

"ደረሰኝ ምን ያደርጋል? ታርጋው አለ፣ ስልኬ አለ፣ እኔ አለሁ።"

"ቢጠፋስ?"

ጥያቄው ያልገባው ይመስል አየኝ። "ነገ እዚሁ አይደለሁ እንዴ? የት እገባለሁ?"

ይህ ነገር ቀኑን ሙሉ አእምሮዬ ውስጥ ዞረ። እኛ ለአንድ ሻንጣ አሥር አሃዝ ያለው ቁጥር እንሰጣለን፤ መንገደኛው ሲደውል ግን በየቀኑ የሚያነሳው ሌላ ሰው ነው። እዚህ ቁጥር የለም፣ ዕቃውን የያዘው ሰው ግን ይታወቃል። ዕቃውም የሚደርሰው ባለቤቱ ደጅ አጠገብ ነው። ለመሆኑ የእኛ ሻንጣ ጉዞው የሚያበቃው አውሮፕላኑ በሚቆምበት ነው ያለው ማን ነው? ሰው እኮ ኤርፖርት አይኖርም።

እትዬ አስካለች አምስተኛ ጊዜ ልወጣ ስል በሩ ላይ ቆሙብኝ። "አንቺ ልጅ፣ ሻንጣው እንኳ ቁጭ ብሏል። አንቺ ለምን አትቀመጪም?" ብለው ጎትተው አስቀመጡኝ። ቆጮ በጎመንና በአይብ አቀረቡ። አዲስ አበባ ቆጮ የምበላው ክትፎ ቤት ስጋበዝ ነው፤ በስስ ተቆርጦ ሰሃን ጥግ ላይ ይቀመጣል። እዚህ የዕለት ምግብ ነው፤ ወፍራም፣ ትኩስ፣ ከዳር እስከ ዳር። ማር ጨመሩልኝ። በላሁ። ከጣፈጠኝ ይልቅ ስበላ መናኸሪያውን መርሳቴ ነው የገረመኝ።

ረቡዕ

መንገዱ ተከፈተ። ጌታቸው ሻንጣዬን ፖርቶ መጋላው ላይ አውጥቶ በገመድ አሰረው፤ እኔ ታች ሆኜ "እዚህ ጋ ላልቷል፣ እዚያ ጋ አጥብቀው" እያልኩ አስቸገርኩት። "እትዬ፣ ሃያ ዓመት አስሬያለሁ" አለኝ። ዋጫ ወርጄ ከዚያ የቢታ ገነት መኪና እንድፈልግ ነበር ሐሳቡ።

ጭጋጉ እስከ ውሽውሽ ሻይ እርሻ ድረስ አልገለጠም። ሺሺንዳ ስንደርስ የገበያ ቀን ነበር። መኪናው ቆመ፤ ግማሹ ሰው ወረደ፣ ሌላው ገባ። ጣሪያው ላይ ማዳበሪያ፣ ጀሪካን፣ የተጠቀለለ ምንጣፍ ሲራገፍ ይሰማኛል። ልወርድ ፈለግኩ፤ ግን በመስኮቱ በኩል ጥግ ተጣብቄያለሁ፣ አጠገቤ ያለችው ሴት ጭን ላይ ሁለት ዶሮ አለ። በመስኮት አንገቴን አወጣሁና ሰማያዊውን ጥግ አየሁ። አለ ብዬ ተቀመጥኩ።

ዋጫ ስንደርስ ጣሪያው ላይ ሁለት ጀሪካንና አንድ የአልጋ ብረት ብቻ ነበሩ።

ጌታቸው ሸራውን ገለጠ፤ መኪናው ሥር ጎንበስ ብሎ አየ፣ እዚያ እንደሌለ እያወቀ። ፊቱ አመድ ሆነ። እኔ መጀመሪያ አልጮህኩም። ቃል በቃል የማውቃቸው ነገሮች ወደ አፌ መጡ፤ ለስንት ሰው ያልኳቸው፤ "ይረጋጉ፣ አብዛኛው ሻንጣ ይገኛል።" ከዚያ ጮህኩ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ለአለቃዬ የፈረምኩትን ሳይሆን ቢታ ገነት ላይ መንገድ ዳር ቆማ የምትጠብቀኝን ልጅ ነበር የማየው። ደውላ ነበር፤ አላነሳሁም።

"እኔ ነኝ ያወረድኩት" አለ ጌታቸው። "ሺሺንዳ ከወረደው ነጋዴ ከተሾመ ዕቃ ጋር አወረድኩት። እኔው አገኘዋለሁ።" ሹፌሩን ያለ ረዳት ትቶ፣ ወደ ሺሺንዳ በሚመለስ መኪና አብሮኝ ገባ።

ሺሺንዳ ዋናው መንገድ ላይ የጋሽ ከድር ሱቅ አለ። አባታቸው ከጅማ መጥተው እዚሁ ነግደው የቀሩ ናቸው። ከሱቁ ጀርባ ያለችው ክፍል በየመኪናው የመጡና የሚሄዱ ዕቃዎች የሚያድሩባት ናት፤ በላያቸው ላይ ስም በማርከር ተጽፏል። ጋሽ ከድር ነገሩን ቆመው ሰሙ። "ተሾመ ልብስና ፕላስቲክ ዕቃ ነጋዴ ነው፤ የሁለት ሰዓት እግር መንገድ ገጠር ነው ቤቱ። ስልኩ እዚያ አይሠራም" አሉኝ።

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"ገበያው እየተበተነ ነው፤ በዚያ መንገድ የሚመለስ ሰው ሞልቷል።"

መንገዱ ዳር ወጥተው በዚያ አቅጣጫ የሚሄደውን ሰው ሁሉ ያስቆሙ ጀመር። በካፊኖኖ ይናገራሉ፤ እኔ የሚገባኝ የተሾመ ስምና እጃቸው የሚያሳየው የሻንጣ መጠን ብቻ ነው። አንዲት ዘንቢል የተሸከመች ሴት፣ ሁለት አህያ የሚነዱ ወንድማማቾች፣ አንድ ዲያቆን። እኛ መሥሪያ ቤት ለሻንጣ ቀለምና ቅርፅ ኮድ አለን፤ ኮዱን ለዓለም ሁሉ እንልክና መልስ እንጠብቃለን። እዚህ ኮዱ ጋሽ ከድር እጅ ላይ ነው። ይሠራል ብዬ አላመንኩም፤ ግን የምይዘው ሌላ ነገር አልነበረኝም።

ሲመሽ ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ ቤት አስገቡኝ። እራት ቀረበ፤ አልወርድ አለኝ።

"ባለሻንጣዋ ማን ናት?" አሉኝ።

ነገርኳቸው። እትዬ ዘሃራ ድስቱን እንደያዙ ቆሙ። "እህቴ እዚያው ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ" አሉ። አልጋቸውን ለቀውልኝ እሳቸው ከልጆቻቸው ጋር ተኙ። ጌታቸው ሱቁ ውስጥ ዕቃዎቹ መሃል አደረ፤ ሂድ ቢሉት እምቢ አለ።

ለምሕረት መልሼ ደወልኩ። "መንገድ አዘገየኝ" አልኳት። አሥራ አንድ ዓመት ለሰው ስለው የኖርኩትን ለመጀመሪያ ጊዜ እያፈርኩ አልኩት።

ሐሙስ

ከጧቱ ሁለት ሰዓት ላይ ጌታቸው "እትዬ! እትዬ!" እያለ ጠራኝ። ከታች ከጭጋጉ ውስጥ ፈረስ እየመጣ ነው፤ ፈረሱ ላይ ሰማያዊ ነገር ተጭኗል፤ ፊት ለፊት የምትስበው ሴት ናት። የተሾመ ሚስት ነበረች።

"ባሌ አፍሮ ቀረ" አለች፣ ገና ሳትቆም። "እሱ ምንም አላየም። ማታ ቤት ሲያስገባው በክብደቱ የእኛ አለመሆኑን ያወቅኩት እኔ ነኝ። ዲያቆኑ መጥቶ ሲነግረን ደግሞ ለመነሳት ብርሃን ነበር የጠበቅኩት። ገመዱን አልነካነውም፣ እዪው።"

ቋጠሮውን አየሁት፤ እኔው መጋዘን ውስጥ ያሰርኩት ነው። አቀፍኳት። እጄን ይዛ የምሰጣትን ሁሉ አልቀበልም አለች። እትዬ ዘሃራ ቁርስ ካልበላሽ አትመለሺም ብለው አስገቧት። ጌታቸው ፈረሱን ውሃ አጠጣ፤ ከዚያ ወደ እኔ መጥቶ "ይቅርታ አድርጊልኝ" አለ። "ብትሸሽ ኖሮ ነበር የማልምርህ" አልኩት።

ጋሽ ከድር ወደ ቢታ ገነት የሚሄድ አይሱዙ አገኙልኝ። ጋቢና አስገቡኝ፤ ሻንጣውን እግሬ ሥር፣ ጉልበቴ አገጬ ጋ ደርሶ። ከዚያ ቁጥሯን ከእኔ ተቀብለው ለምሕረት ሲደውሉ ሰማሁ፤ "አይሱዙ ነው፣ ታርጋውን ጻፊ። ሰናይት የምትባል ሴትዮና አንድ ሰማያዊ ሻንጣ።" እኔም ተላኪ ዕቃ ሆንኩ። ደስ አለኝ፤ አንድ ሰው የት እንዳለሁ ያውቃል።

ምሕረትን ያየኋት መኪናው ሳይቆም ነው። ቀጭን ናት፤ ጃንጥላ እንደ ምርኩዝ ይዛ ቆማለች። "እትዬ ሰናይት?" አለች፤ ዓይኗ ግን እኔን አልፎ ጋቢናው ውስጥ ነው። ሻንጣውን ስታይ እጇን ዘርግታ በእጀታው ያዘችው፤ አልለቀቀችውም። ከዚያ ነው ያቀፈችኝ።

አባቷ ጋሽ አደሎ አብረዋት መጥተዋል። አጭርና ጠንካራ ሽማግሌ ናቸው። አማርኛ የለመዱት በትልቅነታቸው ስለሆነ ወንድና ሴት ይቀላቀልባቸዋል፤ እኔን "አንተ" ይሉኛል። ሻንጣውን ከእጃችን ወስደው ትከሻቸው ላይ አወጡት።

"አቋራጭ አለ" አለችኝ ምሕረት ቀስ ብላ፣ "አባቴ ግን በትልቁ መንገድ ነው የሚሄደው።"

በትልቁ መንገድ ሄድን፤ በገበያው ፊት፣ በወፍጮ ቤቱ ፊት፣ በቀበሌው ፊት። ጋሽ አደሎ ሰላም በሚሏቸው ሁሉ ፊት ይቆማሉ፤ ሻንጣውን ግን አያወርዱም። ካፊያ ጀመረ። ቤታቸው ከእንሰቱ ጀርባ ነው፤ እዚያ ስንደርስ ሰው ተከትሎን ነበር።

ቤት ውስጥ እናቷ፣ ወንድሟ፣ የወንድሟ ሚስትና ጎረቤቶች ተቀመጡ። የወንድሟ ሚስት በሩ አጠገብ ቆማለች፤ "ሻንጣ አለኝ የምትለው ተረት ነው" ስትል የከረመችው እሷ መሆኗን ማንም ሳይነግረኝ አወቅኩ። ምሕረት ቢጫውን ገመድ መፍታት አቃታት። ወንድሟ በቢላ ቆረጠው።

የመጀመሪያው ብርድ ልብስ ነበር፤ ወፍራም፣ አበባ ያለው። ገና ከሻንጣው ሳይወጣ ጋሽ አደሎ "የእናትህ ብርድ ልብስ" አሉ። ሁሉም ዞር ብሎ አያቸው። ምሕረት ሁለተኛውን ስትስብ "የኔ ካፖርት፣ ጥቁሩ" አሉ። ጥቁር ካፖርት ወጣ። "የወንድምህ ጫማ።" ጫማ ወጣ። "ብርጭቆ፣ ስድስት።" ስድስት ነበሩ፤ ሁለቱ ተሰብረዋል። ያኔ ገባኝ። ስምንት ወር ሙሉ ልጃቸው የነገረቻቸውን ዝርዝር ለጠየቃቸውና ለሳቀባቸው ሁሉ ሲደግሙ ቆይተው በቃላቸው ይዘውታል።

ሻምፑው ፈስሶ የሕፃን ልብሱን አበላሽቶታል። የወንድሟ ሚስት ከመሃሉ ትንሿን ቀሚስ ተቀብላ ልጇ ላይ ለካቻት። ልጅቷ ስምንት ወር አድጋለች፤ ክንዷ እንኳ አይገባም። ሴትየዋ ቀሚሷን አጣጥፋ ደረቷ ላይ ያዘቻት፤ ለረጅም ጊዜ አላስቀመጠቻትም።

"ሬዲዮ" አሉ ጋሽ አደሎ።

ምሕረት እጇን አስገባች። ጥጉን ዳሰሰች፤ የልብሱን ሥር፣ የዚፑን ውስጥ። ሻንጣው ባዶ ነበር። አንድ ጎረቤት ጉሮሮውን ጠረገ። ምሕረት አንገቷን አቀረቀረች፤ እኔም ወለሉን አየሁ።

"እ! ሬዲዮ የለም" አሉ ጋሽ አደሎ፣ እጃቸውን አወናጭፈው። "ሬዲዮ እኔ ነኝ የጨመርኩት። ሰው ሲሰማኝ ጊዜ አፌ ጣፈጠውና ጨመርኩ።" መጀመሪያ እናትየው ሳቁ፤ ከዚያ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ሽማግሌው ካፖርቱን ለበሱ። እጅጌው ጣታቸውን ይሸፍናል። እስክንተኛ አላወለቁትም።

ዓርብ

በጧት ምሕረትና እኔ ፎርሙን ይዘን ከቤቱ ኋላ እንሰቱ ሥር ቆምን። ፈረመች፤ ሁለቱንም ስሞች ጻፈች። "የጎደለ ዕቃ ካለ" የሚለው ባዶ ቦታ ጋ ስንደርስ እስክሪብቶውን አቆመች።

"ሬዲዮው ነበረ" አለችኝ። "በእጄ ነው ልብስ ውስጥ የጠቀለልኩት። አባቴም ያውቃል።"

"ታዲያ ለምን..."

"ሰው ፊት እንዳላፍር ነው እትዬ። እሱ ውሸታም ቢባል ይሻለዋል።"

ልጻፈው ወይስ ይቅር ብዬ ጠየቅኳት። መጋዘን ውስጥ ይሁን፣ ያ አውሮፕላን የቀየረችበት ከተማ ይሁን፣ የት እንደወጣ አላውቅም። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ይቅር ይላል፤ እኛም ይቅር እንዲል እንወዳለን፤ ፋይል ይዘጋል። ምሕረት ወደ ቤቱ አየት አደረገች።

"ጻፊው" አለች። "እዚህ የለም ተብሏል። እዚያ ግን እንደነበረ ይታወቅ።"

ጻፍኩ፦ አንድ ሬዲዮ፣ ትንሽ፣ ጥቁር።

በመጣሁበት ተመለስኩ። ሺሺንዳ ላይ ጋሽ ከድር ሻይ ይዘው መኪናው መስኮት ድረስ መጡ። ቦንጋ እትዬ አስካለች ባዶ እጄን ሲያዩኝ "ኧረ እሰይ!" ብለው ጮኹ፤ እራት ሙሉ አስወሩኝ።

ቅዳሜና ከዚያ ወዲህ

ጅማ ላይ ሻንጣ መረከቢያ ሳይሆን መግቢያው ላይ ቆሜ ሰዎች ሻንጣቸውን ሲያስረክቡ አየሁ። ሁሉም ሲለቁት እጃቸው ትንሽ ይቆያል። ከዚህ በፊት አይቼው አላውቅም ነበር።

ሰኞ ጧት ለአለቃዬ ሁለት ወረቀት ሰጠሁት። አንዱ ሐሳቤ ነው፤ መንገደኛው ሲመዘገብ የሚያርፍበትን ኤርፖርት ብቻ ሳይሆን የሚገባበትን ከተማና የሚቀበለውን ሰው እንጠይቅ፣ የዘገየ ሻንጣ በሚታወቅ ሹፌርና በሚታወቅ ታርጋ እስከዚያ ይሂድ፣ ባለቤቱ ሳይፈርም "ደርሷል" አይባል። አንብቦ ተነፈሰ። "ሹፌር ላይ ጥለሽ?" አለኝ። ስለ ጌታቸው ነገርኩት፤ መጥፋቱንም መመለሱንም። ባለፈው ሳምንት የዋጫ አንድ ሻንጣ ለሙከራ እንዲሄድ ፈቀደ። ጌታቸው ራሱ ከቦንጋ ተረከበው፤ ሲያደርስ ደወለልኝ፤ በዚያ ቀን ብቻ አራት ጊዜ ነው የደወለልኝ።

ሁለተኛው ወረቀት የምሕረት ፎርም ነው። አለቃዬ "ሻንጣው ገብቷል፣ ዝጊው" አለኝ። አልዘጋሁትም። አውሮፕላን ወደ ቀየረችበት ከተማ ጻፍኩ፣ መልስ አልመጣም፣ እንደገና ጻፍኩ። የእኛንም መጋዘን መደርደሪያ በመደርደሪያ አየሁት። እስካሁን የለም።

ጋሽ አደሎ በየጥቂት ቀኑ የምሕረትን ስልክ ተውሰው ይደውላሉ። ኔትወርክ ወዳለበት ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ወጥተው ነው መሰለኝ ከኋላቸው ሞተር ይሰማል። ትናንትም ደወሉ።

"ሰናይት፣ ደህና ነህ? ያ ነገር ተገኘ?"

"እየፈለግን ነው፣ ጋሽ አደሎ። ሬዲዮውን..."

"ቀስ!" አሉኝ። "ስሙን አትጥራ። ሰው አጠገቤ አለ።"